የጠራዡ ስም

በሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ዕለተ ማክሰኞ፣ የማይን ወንዝ ጉም ከድልድዮቹ ሥር ተነሥቶ የፍራንክፈርትን ከተማ እስከ ወገቧ ሸፈናት፤ ረጃጅሞቹ የባንክ ሕንፃዎች ከአናታቸው ብቻ ሲታዩ፣ በስተ ሰሜን ያለው የኖርድኤንድ ሰፈር ግን ከነቤቱ ከነዛፉ ጠፍቶ ነበር። ይህች ከተማ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ መጽሐፍ ሲሸጥባትና ሲገዛባት የኖረች ናት፤ ዛሬም ጥቅምት በመጣ ቁጥር የዓለም መጽሐፍ ነጋዴ ሁሉ ይጎርፍባታል። እኛ የምንተርከው ግን ስለ ትልቁ ገበያ አይደለም፤ ገበያው ከተበተነ ከወር በኋላ፣ በኖርድኤንድ በአንድ ጓሮ ውስጥ፣ በአንዲት የመጽሐፍ መጠገኛ ቤት ስለሆነው ነገር ነው።

ዘመኑ የስምና የወረቀት ዘመን ነበር። በረሃና ባሕር አቋርጠው የመጡ እልፍ ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ ተሰልፈው ስማቸው በባዕድ ፊደል ሲጻፍ ያዩ ነበር፤ የአንዱ አባት ስም የራሱ ስም ሆኖ ይወጣል፣ የሌላው ልደት በፈረንጆች ጥር አንድ ቀን ይመዘገባል፤ ይስተካከልልኝ ያለም ሰው ለሚቀጥለው ወር ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ይዞ ይመለሳል። ከነዚህ ሰዎች አንዱ ይርጋ ምንያህል ይባላል። ዕድሜው ሃያ ዘጠኝ፣ አገሩ ጎንደር እስቴ፤ አባቱ መሪጌታ ምንያህል ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ መጽሐፍ ጠርዘው የሚያድሩ ሰው ነበሩና፣ ይርጋ ፊደል ሳይቆጥር መርፌ መያዝ ለመደ።

ይርጋ ያቀረበው የጥገኝነት ጥያቄ ሁለት ጊዜ ተመልሶበታል። ወደ አገርህ ሂድ የሚለውን ደብዳቤ ያገደለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም አውስቢልዱንግ የሚሉት የሦስት ዓመት የሙያ ሥልጠና ውል ነው። ውሉ ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ለሙከራ ይተዋቸዋል፤ ጀርመኖቹ ፕሮበጻይት ይሉታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠልጣኙ ምክንያት ሳይቆጥር በአንድ ገጽ ደብዳቤ ሠልጣኙን ሊያሰናብት ይችላል። የይርጋ ሙከራ የሚያበቃው ሐሙስ ኅዳር ሃያ አንድ ቀን ነበር። እስከዚያች ቀን ድረስ ከተሰናበተ ከጀርመን መውጣቱ ነው፤ ያቺን ቀን ካለፈ ግን በዋዛ የሚነካው የለም።

አሠልጣኙ ወይዘሮ ኦርትሩድ ዛይፈርት ይባላሉ፤ የስድሳ አንድ ዓመት ሴት፣ ከአባታቸው ሙያውንም ቤቱንም የወረሱ፣ ሲያመሰግኑ ተሰምተው የማይታወቁ የጥገና ሊቅ ናቸው። በአገራቸው ደንብ ይርጋን አንቱ ይሉት ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን «ወንበርዎን ይሳቡ» ሲሉት የትኛው ሽማግሌ ገብቶ ይሆን ብሎ ዞር ብሎ አይቷል። በዚያ ማክሰኞ ወይዘሮዋ ቀኝ እጃቸውን በፋሻ ጠቅልለው ነበር፤ አንጓቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርገው ገና አልሻረላቸውም።

ረፋዱ ላይ ሄር ፎግት፣ በእኛ አቶ ፎግት፣ የተባለ የጥንታዊ መጻሕፍት ነጋዴ አንድ ሣጥን አቅፎ ገባ። ከሣጥኑ የወጣው መጽሐፍ ከሦስት መቶ ሰባ ዓመት በፊት ለንደን ውስጥ የታተሙ አሥራ አንድ ድርሳናት በአንድነት የተጠረዙበት ነበር። በዚያ ዘመን እንግሊዞች ከንጉሣቸው ጋር ተጣልተው ጦር ተማዝዘው ነበርና፣ ያለ የሌለ ክርክራቸውን ሁሉ በማተሚያ ቤት ይጨርሱት ነበር፤ አንደኛው ድርሳን ንጉሥ ለሕዝቡ መልስ ሊሰጥ ይገባዋል ሲል፣ ሁለተኛው ይህን ያለ አፍ ይዘጋ ብሎ ይመልስለታል፤ ሌላው ጳጳሳት ይሻሩ ይላል፤ ሌላው አሥራት ለማን ነው የሚገባው ብሎ ይሟገታል፤ አሥራ አንደኛይቱ፣ አራት ቅጠል ብቻ ያላት ትንሿ ድርሳን፣ ጦር ስለከበባት አንዲት ከተማ ታሪክ ትተርካለች። ጠራዦች ቅጠል የሚሉት አንዱን ወረቀት ከነፊቱ ከነጀርባው ነው፤ የዚህች ድርሳን አራተኛ ቅጠል ምንም ያልታተመበት ባዶ ነበር። ጥራዙ ክሩ በስብሶ፣ ጀርባው ተሰንጥቆ፣ ሊበተን ምንም አልቀረውም። በእንግሊዝ አገር ያለ የአንድ ጥንታዊ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ገዝቶታልና፣ በአሥር ቀን ውስጥ ተሰፍቶ እንዲሰጠው ሄር ፎግት አስጠንቅቆ ወጣ።

ወይዘሮ ዛይፈርት የታሰረ እጃቸውን አዩ፤ ከዚያ የይርጋን እጅ አዩ።

«እርስዎ ይሰፉታል፤ እኔ አጠገብዎ እቀመጣለሁ» አሉት። «በዚህ ቤት አንድ ሕግ አለ፤ ኋላ ሊነሣ የማይችል ነገር በመጽሐፍ ላይ አይጨመርም። ክር ይፈታል፤ የስንዴ ሙጫ በውኃ ይለቃል። ሌላ ሁሉ ክልክል ነው።»

«ገብቶኛል፣ ፍራው ዛይፈርት» አለ ይርጋ። ስለ ክርና ስለ ሙጫ የተባለው በእውነት ገብቶት ነበር።

ሥራው ስምንት ቀን ፈጀ። ይርጋ እንግሊዝኛው ብዙ አይገባውም ነበር፤ ነገር ግን የተበተኑትን ቅጠሎች ሲያሰባስብ ከወይዘሮዋ የቀደመበት ጊዜ ነበር። የገጽ ቁጥሩ በየቦታው ተሳስቶ ታትሟልና ወይዘሮዋ በቁጥሩ ሲደናገሩ፣ እሱ ቅጠሉን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ብል የበላውን ቀዳዳ ይከተል ነበር፤ ብል ቁጥር አያውቅም፣ መንገዱን ግን አይዘልም። ወይዘሮዋ ይህን አዩ፤ በማግስቱም ቀዳዳውን ራሳቸው ሲከተሉ ተገኙ።

አንድ ቀን ይርጋ ከአንዱ ድርሳን የመጀመሪያ ገጽ ግርጌ ላይ ጣቱን አሳርፎ «ያተመው ሰው ስም የታለ?» ብሎ ጠየቀ።

«የለም። ካሥራ አንዱ በአንዱም ላይ የለም» አሉ ወይዘሮዋ። «በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ የተያዘ ሰው ጆሮው ይቆረጥ ነበር፤ አታሚውም ወኅኒ ይወርዳል። ስለዚህ ለንደን፣ ይህን ያህል ዓመተ ምሕረት ይሉና ዝም ይላሉ።»

«እነዚህስ?» አለ፣ ከሽፋኑ ሥር በመጀመሪያው ባዶ ቅጠል ላይ በሦስት ዓይነት እጅ የተጻፉ ሦስት ስሞችን እያሳየ።

«እነዚህ የመጽሐፉ ባለቤቶች ናቸው። ሄር ፎግት ከሁሉ አብልጦ የሚወዳቸው እነሱን ነው፤ መጽሐፉ ማን እጅ እንደነበረ ሲታወቅ ክብሩ ይጨምራል።»

ይርጋ ይህን ሰምቶ ደስ አለው። በአባቱ ቤትም እንደዚያ ነበርና። መሪጌታ ምንያህል መጽሐፍ ጽፈው ወይም ጠግነው ሲጨርሱ፣ የመጨረሻዋን መርፌ ካወጡ በኋላ እጃቸውን ታጥበው፣ በመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ የክርስትና ስማቸውን ጽፈው አንባቢ እንዲጸልይላቸው ይለምኑ ነበር፤ ስም ያልተጻፈበትን ሥራ ግን አይረከቡም፣ አያስረክቡምም ነበር። ስሙን ያልጻፈ ሠራተኛ ስሕተቱን ማን ሊጠየቅለት ነው፤ ይሉ ነበር።

ረቡዕ ኅዳር አሥራ ሦስት ቀን ወይዘሮ ዛይፈርት ለእጃቸው ሐኪም ዘንድ ቴርሚን ነበራቸው፤ ከሰዓት በኋላ ይርጋ ብቻውን ቀረ። የመጨረሻዋን ክር ቋጠረ፤ ጥራዙን ከፍቶ ዘጋው፤ አንድም ቅጠል አላዛነፈም። እጁን ታጠበ። ከቦርሳው በጨርቅ የተቋጠረች፣ አባቱ ለመንገድ የሰጡትን የደረቀች የጥላሸት ቀለም አወጣ፤ በረሃውንም ባሕሩንም ከሱ ጋር የተሻገረች እሷ ብቻ ነበረች። ከሮደልሃይም ሰፈር፣ ከኒዳ ወንዝ ዳር ቆርጦ የቀረጸውን መቃ ብዕርም አወጣ። ቀለሙን በጥቂት ውኃ በጠበጠና በጥራዙ መጨረሻ ባለው ባዶ ቅጠል ግርጌ ሁለት ቀጭን መስመር ጻፈ፦ «ተዘከሮ እግዚኦ ለገብርከ ወልደ ሰንበት ዘሐደሳ ለዛቲ መጽሐፍ በሀገረ ፍራንክፈርት።» አቤቱ፣ ይህችን መጽሐፍ በፍራንክፈርት አገር ያደሳትን ባሪያህን ወልደ ሰንበትን አስበው ማለቱ ነው። ከአገሩ ከወጣ ወዲህ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አያውቅም።

ሥራው እንዳለቀ በባቡር ወደ ሮደልሃይም ሄደ። በዚያ ከጣቢያው አጠገብ ጋሽ አብዱሰላም የሚባሉ የከሚሴ ሰው የቅመማ ቅመም ሱቅ አላቸው፤ ሠላሳ ዓመት ጀርመን አገር የኖሩ፣ የሰው ደብዳቤ ሁሉ የሚያነቡ፣ ይርጋንም ከወይዘሮ ዛይፈርት ጋር ያገናኙት እሳቸው ናቸው። ይርጋ የሠራውን ሁሉ በኩራት ነገራቸው፤ ስሙን እስከጻፈበት ድረስ። ጋሽ አብዱሰላም እርድ ይመዝኑበት የነበረውን ማንኪያ አስቀመጡት።

«ቆይ፣ ቆይ። በሰው መጽሐፍ ላይ ጻፍክ?»

«እንደ ደንቡ ነው እንጂ፣ ጋሽ አብዱሰላም።»

«የማን ደንብ? የኔ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች በእንደዚህ ያለ መጽሐፍ ላይ እርሳስ እንኳ አያስጠጉም። አንተ የአባትህን ቀለም ደፋህበት። ይህ እኮ ኩንዲጉንግ ነው፤ ነገ የስንብት ደብዳቤህን ይሰጡሃል።»

ያን ጊዜ ነው ይርጋ ስለ ክርና ስለ ሙጫ የተነገረው ሕግ ስለ ቀለምም መሆኑ የገባው። አባቱ ቤት መጻፍ የሥራው መጨረሻ ነበር እንጂ ጭማሪ አልነበረም፤ ስለዚህ ነው በሐሳቡ ያልመጣው።

ጋሽ አብዱሰላም ፊቱን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማኝ። ሙከራህ የሚያልቀው መቼ ነው?»

«ሐሙስ ሳምንት።»

«ስምንት ቀን። ዝም በል። ይህን ፊደል እዚህ አገር ማን ያነበዋል? ብል የሄደበት ነው ብለው ያልፉታል። መጽሐፉም ነገ ከነገ ወዲያ እንግሊዝ ይገባል፤ ውልህም ይጸናል።» ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነበር፤ ደግሞም ሊሠራ የሚችል ምክር ነበር።

«ጋሽ አብዱሰላም፣ ስሜን የጻፍኩት ለሥራዬ ልጠየቅ ነው» አለ ይርጋ። «ጽፌው ከተደበቅሁ ምኑን ጻፍኩት። ነገ እነግራቸዋለሁ።»

«በሬ ወለደ ብትላቸው ይሻልሃል እንጂ እንዲህ ያለ እውነት ማን ይሰማሃል» አሉ ጋሽ አብዱሰላም፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበርና ወደ እርዱ ዞር አሉ። ሲወጣ በወረቀት ጠቅልለው ጥቂት ቅመም በኪሱ ከተቱለት።

በማግስቱ ሐሙስ ወይዘሮ ዛይፈርት ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ይርጋ መጽሐፉን ከፍቶ አስቀመጠላቸው። «ፍራው ዛይፈርት፣ ሳላስፈቅድ ስሜን ጽፌበታለሁ። በእኛ ዘንድ ያደሰ ሰው ይጽፋል። የእርስዎ ሕግ ይህን እንደሚጨምር አላስተዋልኩም።»

ወይዘሮዋ ለስላሳ ላጲስ አመጡ፤ ቀለሙ አልነቃነቅ አለ። ጥጥ በጥቂቱ አርሰው ከዳሩ ነኩት፤ ጥጡ ነጭ እንደሆነ ወጣ። «ይህ መቼ ይለቃል?» አሉ።

«አይለቅም። የአባቴ አባት የጻፈው እስካሁን አለ።»

እሳቸው ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተቀመጡ። ሄር ፎግት በዚያው ረፋድ ሊረከብ መጣ፤ ነገሩንም ከወይዘሮዋ ሰማ፤ ፊቱ ቀልቶ ቅጠሉን አየና «ይቆረጥ» አለ። «ባዶ ቅጠል ነው፤ ማንም አይጠይቅም።»

«መቁረጥ አይቻልም» አለ ይርጋ።

ሄር ፎግት ይህ ሰው ደግሞ ምን አገባው በሚል ዓይን ወይዘሮዋን አየ። ወይዘሮዋ «ይናገሩ» አሉት ለይርጋ።

«ይህች ድርሳን አንድ ትልቅ ወረቀት ናት፤ ሁለት ጊዜ ታጥፋ ነው አራት ቅጠል የሆነችው። ይህ የመጨረሻው ቅጠልና አርእስቱ የታተመበት የመጀመሪያው ቅጠል አንድ አካል ናቸው፤ ክሩ የያዛቸው በእጥፋቱ ላይ ነው። ይህን ቢቆርጡት ያኛው ይረግፋል።»

ወይዘሮ ዛይፈርት ዝቅ ብለው እጥፋቱን ተመለከቱ፤ ራሳቸውንም ነቀነቁ። እውነቱን ነበር።

ይርጋ ቀጠለ። «ሄር ፎግት፣ ከፊት ያሉት ሦስት ስሞች ለመጽሐፉ ክብሩ ናቸው ይላሉ። የመጀመሪያው ሰው ስሙን ሲጽፍ መጽሐፉ አዲስ አልነበረም?»

«ነበር። ግን መጽሐፉ የራሱ ነበር» አለ ነጋዴው።

ይህ መልስ ይርጋን ያዘው፤ እኛም ነጋዴው ስለተቆጣ ብቻ ተሳስቷል አንልም። «ልክ ነዎት» አለ ይርጋ። «ሳልጠይቅ መጻፌ ጥፋት ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የፍራው ዛይፈርት አይደለም። ስሜን ከሥራዬ በታች ማኖሬ ግን ነውር አይደለም። ያንን አልክድም።»

ወይዘሮ ዛይፈርት ካፖርታቸውን አውልቀው ሰቀሉት። «አይፋቅም፣ አይቆረጥም» አሉ። «ለኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት እንጽፋለን፤ የሆነውን ሁሉ፣ የቅጠሉን ፎቶ ከነትርጉሙ። የሚወስኑት ባለቤቶቹ ናቸው። አንወስድም ካሉ ኪሣራው በዚህ ቤት ነው።» ከዚያ ወደ ይርጋ ዞረው «ስለ ውልዎ የምነግርዎ መልሳቸው ሲመጣ ነው» አሉት። ሄር ፎግት ሻርፑን እያስተካከለ ወጣ።

ስድስት ቀን ሙሉ መልስ አልመጣም። ይርጋ በየማለዳው በሪደርቫልድ ሰፈር ከተከራያት ክፍል ተነሥቶ ይመጣል፤ ይጠርጋል፣ ሙጫ ያበስላል፣ የሌላ መጽሐፍ ጀርባ ያቃናል፤ ወይዘሮዋም ከሥራ ቃል በቀር አይጨምሩለትም። ፈርቶ ነበር፤ ይህን አንሸሽግም። ማታ ማታ ሻንጣውን በልቡ ሲያሰናዳ፣ ለአባቱ ምን ብሎ እንደሚደውል ቃል ሲያጣ ነበር የሚያመሸው። ይሁን እንጂ ያን ቀን ባልተናገርኩ ብሎ አንዲት ጊዜ እንኳ አልተጸጸተም።

ረቡዕ ኅዳር ሃያ ቀን፣ የሙከራው ጊዜ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ደብዳቤው ደረሰ። ወይዘሮ ዛይፈርት መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡለት። የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ እንዲህ ብላ ነበር፦ «ሳይጠየቅ በመጻፉ አዝነናል፤ ወደፊት እንዲህ እንዳይደረግ እንለምናለን። ቅጠሉ ግን እንዳይነካ። ይህን ጥራዝ ካተሙት፣ ካጠፉትና ከሰፉት እጆች ሁሉ ሥራዬ ነው ብሎ የፈረመ ሌላ ሰው አላገኘንም። በመዝገባችን ላይ እንድናገባው የአዳሹን ሙሉ ስም ላኩልን።»

ወይዘሮዋ ደብዳቤውን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ከእንግዲህ ሳይጠይቁኝ ቢጽፉ አሰናብትዎታለሁ» አሉት። «እስከዚያው ግን በዚህ ቤት አንድ ሌላ ሕግ ጨምሬያለሁ። ለሚጠገን መጽሐፍ ሁሉ በሣጥኑ ውስጥ አንድ ለብቻዋ የሆነች ወረቀት ትገባለች፤ የሠራው ሰው ስም በእርሳስ ይጻፍባታል። አባቴ አርባ ዓመት ሠርቶ ስሙ በአንዱም ላይ የለም።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ሻከረ፤ ወዲያው ግን ብዕር አነሡ። «አሁን ስምዎን ይንገሩኝ። እንደ መታወቂያዎ ይርጋ ምንያህል ብዬ ልጻፍ?»

«አይደለም። የጻፍኩት የክርስትና ስሜ ነው፤ ወልደ ሰንበት።»

«ይህን ስም የትኛው መሥሪያ ቤት ያውቀዋል?»

«የትኛውም።»

«እንግዲያውስ ያስቡበት፤ ይህ ለዘለዓለም የሚቀመጥ መዝገብ ነው። ማንም እርስዎ መሆንዎን ሊያውቅ አይችልም።»

«ይርጋን መሥሪያ ቤቱ ያውቀዋል፤ የእርስዎም ውል ያውቀዋል፤ ለኑሮዬ ይበቃኛል» አለ። «መጽሐፉ ላይ ያለው እንዳለ ይሁን። እንዲጸለይልኝ የምፈልገው በሱ ነው።»

ወይዘሮ ዛይፈርት እንደነገራቸው ጻፉ። «ነገ በሰዓቱ ይምጡ» አሉት።

ታሪክ ይህን ነገር እንዴት አድርጎ ያዘው ቢባል፣ እንዲህ ነው። በእንግሊዝ አገር በአንድ የኮሌጅ መዝገብ ላይ፣ ከንጉሥና ከጳጳሳት፣ ከአሥራትና ከተከበበች ከተማ ወግ በኋላ፣ ከሦስቱ ባለቤቶች ስም በታች፣ በፍራንክፈርት ወልደ ሰንበት አደሰው የሚል አንድ መስመር ተጽፏል። ስለ ጋሽ አብዱሰላም ምክር፣ ስለ ወይዘሮዋ ካፖርት፣ ስለዚያ ስድስት ቀን የተጻፈ የለም። ምናልባት ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ አንድ ትጉህ ተመራማሪ ይህን ሰው ፍለጋ የፍራንክፈርትን መዝገብ ሁሉ ያገላብጥ ይሆናል፤ ከነዋሪው፣ ከሠራተኛው፣ ከሟቹም መዝገብ ወልደ ሰንበት የሚባል ጠራዥ አያገኝም፤ እንደ አሥራ አንዱ አታሚዎች ፈርቶ የተደበቀ ሰው ነበር ብሎም ይጽፍ ይሆናል። በዚህስ ይሳሳታል። ሰውየው ሐሙስ ኅዳር ሃያ አንድ ቀን ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ በጓሮው በር ገብቶ፣ መብራቱን አብርቶ፣ እጁን ታጥቦ ሥራው ላይ ተቀምጧል።